ከሩቅ ሆኖ የቤተ ሰብን ኮምፒዩተር ስለ ማቃናት

ልጅ ወላጁን መርዳት የሚገባው መሆኑን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን የርዳታው ዓይነት እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል። ቀድሞ ልጅ ለወላጁ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይፈልጣል፥ ፊደል የቆጠረም እንደ ሆነ የመጣውን ደብዳቤ ያነባል። ዛሬ ደግሞ ልጁ በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ወይም በጆሃንስበርግ ተቀምጦ ሳለ፥ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚኖሩት እናቱ ስልካቸው ወይም ኮምፒዩተራቸው እንቢ ያላቸው እንደ ሆነ፥ በኢንተርኔት አማካይነት እንደ አጠገብ ሰው ሆኖ እየተመለከተ ያቃናላቸዋል። ይህ እጅግ የሚያስደስት ነገር ነው። ሆኖም ስለዚሁ ጉዳይ በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ ልንጽፍ የወደድነው ጥቅሙን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ልጁ ለርዳታ የሚገባበት በር ሌባም የሚገባበት በር ስለ ሆነ፥ በሩን ማን ይከፍታል፥ ማንስ ይዘጋዋል የሚለው ነገር በየቤቱ አስቀድሞ መወሰን ያለበት መስሎ ስለ ታየን ነው።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የተቆረቆረች፥ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነች ከተማ ናት። ዕድሜዋ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ነው ለማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ስላላት ልጆቿን አስተምራ ወደ ልዩ ልዩ አገር ትሰዳለች፤ ወላጆቹ ግን ከቤታቸው፥ ከዕድራቸውና ከማኅበራቸው ተለይተው ልጅን መከተል ብዙ ጊዜ አይወዱም። ስለዚህ ከታቦር ተራራ ሥር ጀምሮ እስከ ሐይቁ ዳር ባሉት ሰፈሮች፥ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ብቻቸውን የቀሩበትን ቤት ማግኘት አያስቸግርም።

ኮምፒዩተር ስንል በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ በኪስ የሚያዘው ስልክም ኮምፒዩተር ነው፤ በብዙ ቤት እንዲያውም ያለው እርሱ ብቻ ነው። ይህ ስልክ ቀድሞ ለመነጋገሪያ ብቻ ሲያገለግል፥ ቢበላሽ እስኪሠራ ድረስ መታገሥ ይቻል ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አይደለም። ቴሌብር የተባለው የገንዘብ መላኪያና መክፈያ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሒሳብ በስልክ የሚከፈል ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በነዳጅ ማደያ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ቀርቶ ክፍያው በዲጂታል መንገድ እንዲሆን በታዘዘ ጊዜ፥ ስልክ እንደ ጥቃቅን ነገር ይቈጥሩት የነበሩ ባለ መኪና ሽማግሌዎች ሁሉ ሳይወዱ በግድ ተማሪዎች ሆኑ። በዚያው ዓመት ፋይዳ የተባለው መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ተደነገገ። እንግዲህ ስልኩ የተዘጋበት ሽማግሌ፥ ቦርሳውና መታወቂያው ባንድነት እንደ ጠፋበት ሰው ይሆናል።

በዚህን ጊዜ ልጁ ይጠራል። የሚሰማውም ቃል በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው።

«ልጄ፥ ሁሉ ነገር ጠፋብኝ!»

«ምን የሚል ጽሑፍ ወጣብዎ እማማ?»

«ምንም አይልም። በእንግሊዝኛ ነው።»

በዚህ መልስ መሳቅ አይገባም። ለማያነበው ሰው የማይነበብ ጽሑፍ በእውነት ምንም አይልም። ይልቁንም ልጁ ሊያውቀው የሚገባው፥ ጠፋ ከተባለው ነገር አብዛኛው ያልጠፋ መሆኑን ነው። ሥዕሉ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ተሸሽጎ ይሆናል፤ የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ ስልኩ ከኔትወርክ ተለይቶ ይሆናል፤ የስልኩ ጥቅል አልቆ ይሆናል፤ አለዚያም ዘመድ ሁሉ በቴሌግራም በየማለዳው የሚልከው የበዓልና የምርቃት ቪዲዮ ተከማችቶ ስልኩን ሞልቶት ይሆናል። ይህ የመጨረሻው እጅግ የተለመደ ነው፤ እናቶች የተላከላቸውን ምርቃት ማጥፋት ነውር ስለሚመስላቸው ከዓመት ዓመት ይዘውት ይኖራሉ። እዚህ ላይ ልጁ አጥፊው ብሎ ከማዘዝ ይልቅ ሌላ ቦታ ተቀምጦ እንደሚቈይ አስረድቶ በፈቃዳቸው ማስለቀቅ አለበት።

ባለ ጽሕፈት ለሆኑ አባቶች ግን ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የፊደል ነገር ነው። ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት የጻፈውን ደብዳቤ ወይም የውል ቃል ከፍላሽ አውጥቶ ሲከፍተው፥ ያማርኛው ጽሑፍ ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የነጥብ ድብልቅ ሆኖ ያገኘዋል። ቫይረስ በላው ብሎ ያዝናል። ቫይረስ ግን አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ወደ ጽሕፈት መኪና ለማስገባት ከደከሙበት ጊዜ ጀምሮ፥ ይህን ያህል ብዛት ያለውን ፊደል ለጥቂት የላቲን ፊደል በተሠራ መኪና ማስተናገድ አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። በኮምፒዩተርም በመጀመሪያው ዘመን የግእዝ ፊደል የራሱ ቍጥር ስላልነበረው፥ ፓወር ግእዝና እርሱን የመሰሉት ፕሮግራሞች በላቲን ፊደል ቍጥር ላይ የግእዝን መልክ አልብሰው ይጽፉ ነበር። ልብሱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የውስጡ ላቲን ራቁቱን ይታያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ለግእዝ ፊደል የራሱን ቍጥር ሰጠው፤ በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፊደል መልክ ይዞ መጣ። በዚህ ቍጥር የተጻፈው በየትም ይነበባል፤ በቀድሞው መንገድ የተጻፈው ግን የቀድሞ ልብሱን ይፈልጋል። ስለዚህ በሩቅ ያለው ልጅ አባቱ ፋይሉን በቴሌግራም እንዲልኩለት አድርጎ፥ ወደ ዩኒኮድ ለውጦ ቢመልስላቸው ነገሩ በአንድ ምሽት ያልቃል። የቈየ የመሬትና የውርስ ጽሑፍ በዚህ ዓይነት ፊደል ተጽፎ የተቀመጠባቸው ቤቶች፥ ልጁ ቤት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ይህን ቢያደርጉ መልካም ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ቀላሉ መንገድ ድምፅ ነው፤ ልጁ ይጠይቃል፥ ወላጅ ይመልሳል። ድምፅ ባልበቃ ጊዜ ከጎረቤት ልጅ ሁለተኛ ስልክ ተውሶ የፊተኛውን ስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ ነው፤ ይህ ዘዴ ጥቂት ገንዘብ ስለሚፈጅ፥ ኔትወርኩም ደካማ ሲሆን ስለሚያልፍ፥ እኛ ከሁሉ እናስቀድመዋለን። ከዚህ የሚያልፍ ችግር ሲገጥም ስክሪኑን ማሳየት አለ። ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል፤ ዋትስአፕም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 2023 በቪዲዮ መነጋገሪያው ላይ ይህንኑ ጨመረ። በዚህ ጊዜ ልጁ ያያል እንጂ አይነካም።

የመጨረሻው ግን መንካትም ነው። በጀርመን አገር በ2005 የተመሠረተው ቲምቪወር፥ እንዲሁም ኤኒዴስክ የተባለው፥ ሌሎችም እንደነሱ ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። አሠራራቸው የሚከተለው ነው። በሐዋሳ ያለው ኮምፒዩተር ፕሮግራሙን ሲከፍት አንድ ረጅም ቍጥር፥ አንዳንዱም ከዚያ ጋር የይለፍ ቃል ያወጣል፤ ባለቤቱ ይህን በስልክ ለልጁ ያነብለታል፤ ልጁ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሲያስገባው በሐዋሳ ያለው ስክሪን በፊቱ ይዘረጋለታል፤ ማውሱንም በገዛ እጁ እንደ ያዘው ያህል ያንቀሳቅሰዋል። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው የማይክሮሶፍት መርጃ ደግሞ ቍጥሩን የሚያወጣው ከረዳቱ በኩል ሲሆን፥ የሚያስገባው ባለቤቱ ነው። ማውሱ ማንም ሳይነካው በስክሪኑ ላይ ሲሄድ ያየ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና፥ «ቤቴ ውስጥ ሰው ገብቷል ማለት ነዋ!» አሉ። ነገሩን ከእርሳቸው ይልቅ አሳምሮ የገለጸው የለም።

በቀድሞው ዘመን ማንበብ የማያውቅ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ወደ አንድ ቄስ ወይም ወደ አንድ የቆሎ ተማሪ ይዞ ይሄድ ነበር። አንባቢውም እያደረ የቤቱን ምስጢር ሁሉ ያውቃል፤ ማን ዕዳ እንዳለበት፥ ማን ከማን እንደ ተጣላ፥ ርስቱ ለማን እንደ ታሰበ ከርሱ አይሰወርም። ስለዚህ አስተዋይ ቤተ ሰብ አንባቢውን መርምሮ ይመርጥ ነበር። መልሱም ሲጻፍ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ማኅተሙን ግን ባለቤቱ ራሱ ከሣጥኑ አውጥቶ ያትማል፥ አትሞም መልሶ ይቈልፍበታል። በቤተ መንግሥት ማኅተም ጠባቂው ጸሐፌ ትእዛዙ ነበር፤ ያ ማዕረግ ከታላላቆቹ ማዕረጎች አንዱ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሩቅ ሆኖ ስክሪን የሚያየው ልጅ የዛሬው ደብዳቤ አንባቢ ነው፤ የባንኩና የቴሌብሩ የምስጢር ቍጥር ደግሞ የዛሬው ማኅተም ነው።

እንግዲህ ልጅ የእናቱን የምስጢር ቍጥር ማወቅ ይገባዋልን? ብዙዎች ልጄ ነው፥ ምን ይደብቁታል ይላሉ። የኛ አሳብ ግን አይገባውም ነው። ይህንንም የምንለው ልጅን በመጠርጠር አይደለም። በፍርድ ቤት ጽሕፈት የቈየ ሰው እንደሚያውቀው፥ በወንድማማች መካከል የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ከስርቆት ሳይሆን ሒሳቡ ከአለመታወቁ ይነሣል። እናት አምስት ልጆች ቢኖራቸውና ቍጥሩን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ቢሆን፥ ከዓመታት በኋላ አንድ ሺህ ብር የገባበት ቢጠፋ፥ አራቱ ሁሉ ዓይናቸውን ወደ እርሱ ያነሣሉ። ደግ የሠራ ልጅ ተከሳሽ ይሆናል። ቍጥሩን አለማወቁ ለእናት ብቻ ሳይሆን ለራሱም ጥበቃ ነው። ስለዚህ ቍጥር የሚጻፍበት ጊዜ ሲደርስ ልጁ ስክሪኑን ማየት አቁሞ ይጠብቅ፤ አንዳንዶቹ የባንክ አፖች እንዲያውም ሌላ ሰው ሲያይ ስክሪናቸውን ራሳቸው ያጠቍራሉ፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ሕጉም ቢሆን ይህን መንፈስ ይከተላል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 የሚቀጣው ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የገባውንም ነው።

ስለ ሌባው ደግሞ ጥቂት እንበል። ሌባው ትሑት ነው፤ ከልጅ ይልቅ በማክበር ይናገራል። ከባንክ ነው የምደውለው፥ ወይም ከቴሌ ነው፥ ሽልማት ደርሶዎታል፥ ወይም በስሕተት ገንዘብ ገብቶልዎታልና ይመልሱልኝ ይላል። ቀጥሎም አሁን በስልክዎ የመጣውን ቍጥር ያንብቡልኝ ይላል። ያ ቍጥር በተነበበ ጊዜ የእናት ቴሌግራም በሌባው እጅ ይገባል፤ ከዚያም በእናት ስም ለልጆቹና ለዘመዶቹ ሁሉ «ቸግሮኛልና ገንዘብ ላኩልኝ» ብሎ ይጽፋል። በውጭ አገር ያለው ልጅም የእናቱ ጽሑፍ ነው ብሎ ሳይመረምር ይልካል። ይህ ዓይነቱ ተንኰል በኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ማስታወቂያ፥ ሌቦች የኮምፒዩተር ጠጋኝ መስለው እየደወሉ በዚያው ከላይ በጠቀስነው መርጃው ሰዎችን እንደሚያታልሉበት ገለጸ። ድምፅን አስመስሎ የሚናገር ፕሮግራምም ስለ ተገኘ፥ የልጄን ድምፅ ሰምቻለሁ ማለት እንደ ቀድሞው ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ በየቤቱ ሁለት ነገር ቢደነገግ እንወዳለን። አንደኛው፥ ለርዳታ የሚጠራው ሁልጊዜ ባለቤቱ ይሁን። እናት ይደውላሉ እንጂ ማንም ደውሎ ልጠግንልዎ ቢላቸው፥ ልጅ ነኝም ቢል፥ ስልኩን ዘግተው በሚያውቁት ቍጥር ራሳቸው መልሰው ይደውሉ። ሁለተኛው፥ ገንዘብ በተጠየቀ ጊዜ የሚጠየቅ አንድ የቤት ጥያቄ ይኑር፤ በልጅነት የነበረችው ላም ስም ወይም የድሮው ጎረቤት ልጅ ቅጽል ስም የመሰለ፥ በፌስቡክ ተጽፎ የማይገኝ ነገር ይሁን። ጥገናውም ሲያልቅ ፕሮግራሙን የሚዘጉት ወላጅ ራሳቸው ይሁኑ፤ ልጁም ለሌላ ጊዜ ይቀልለኛል ብሎ ያለ ፈቃድ መግቢያ ትቶ እንዳይሄድ።

ስለ አሠራሩም የምንለው አለ። ማውሱን ተቀብሎ የሚሠራ ልጅ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል፤ በሚመጣው ሳምንት ግን ለዚያው ጉዳይ ይጠራል። ድምፁን ብቻ ሰጥቶ እናቱ በገዛ ጣታቸው እንዲነኩ የሚያደርግ ልጅ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ትዕግሥትም ያስፈልገዋል። ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ ከማለት ጥርስ ያለው ጎማ የሚመስለውን ሥዕል ይንኩ ማለት ይሻላል። አንዱን ሳያዩ ሁለተኛውን አለማዘዝም ያስፈልጋል። በተለይ አባቶች የሰሙትን በደብተር በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ቢያሰፍሩ ይወዳሉ፤ አንድ በጡረታ ያሉ ሹም ካርድ አሞላሉን፥ ጥቅል አገዛዙንና ፎቶ አላላኩን እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ በተራ ቍጥር ጽፈው፥ አሁን ለጎረቤት ሽማግሌዎች እርሳቸው መምህር ሆነዋል።

በሐዋሳ አንድ ልዩ ነገር አለ። ሲዳምኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1993 ወዲህ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፥ አያት በግእዝ ፊደል የተማሩ ሲሆኑ የልጅ ልጅ የላቲኑን አጥርቶ ያነባል። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት ርዳታው በሦስት ሰው ይሆናል፤ የአሥር ዓመቷ ልጅ ትርጉሙን ሳታውቅ የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ ባንድ ትጠራለች፥ በሩቅ ያለው አጎት ይተረጕማል፥ አያት ይነካሉ። ይህ ከማንኛውም ፕሮግራም የሚሻል መስሎ ይታየናል፤ ልጅቱ ትማራለችና።

ኢንተርኔቱ ራሱ የጠፋ እንደ ሆነስ? በ2012 ዓ.ም. በሰኔ መጨረሻ በመላው አገር ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ በሩቅ ያለ ልጅ ዕውቀቱ ሁሉ ለወላጁ ምንም አልጠቀመም። ስለዚህ አንድ በእግር የሚደረስ ሰው፥ የእኅት ልጅ ወይም የታመነ የጎረቤት ወጣት፥ አስቀድሞ ታውቆ ይኑር። ስልኩን ወደ ሞባይል ጥገና ቤት መስጠት ግድ የሆነ እንደ ሆነም፥ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጦ መጠበቅ ነው እንጂ የምስጢር ቍጥርን በወረቀት ጽፎ ከስልኩ ጋር ማስረከብ አይገባም።

ስለ ቀንና ስለ ሰዓትም መናገር ይቀረናል። በቅጽ ላይ የልደት ዘመን ሲጠየቅ የፈረንጁ ይሁን የኛ ሳይለይ የተሞላ እንደ ሆነ፥ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል፤ በባንክና በመታወቂያ ላይ የተለያየ ዕድሜ ያለው ሰውም ለማስተካከል ብዙ ይመላለሳል። ልጁ ሲሞላላቸው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በሐዋሳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን በብርዳቸው ወራት እኩለ ቀን ነው፤ በበጋቸው ደግሞ ከእኩለ ቀን አንድ ሰዓት አልፎ ይገኛል። የእናት ስልክ ግን በዚያው ምሽት 8 ብሎ ያሳያል። ስለዚህ ልጁ በስልኩ ቍጥር አስቦ «እሑድ በ8 ሰዓት እንገናኛለን» ቢል፥ እናት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፥ ቡናቸውን አስቀርበው፥ ስልኩን በቻርጀር ላይ ሰክተው ከቀትር በኋላ ይጠብቁታል፤ እርሱ በዚያን ጊዜ ገና አልነቃም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ብሎ ይንገራቸው።